ወተቱ ያልጠረገው ጭስ

የልጆቼን አባት ሥራ ቦታው ላይ «ውሃልክ» ነው የሚሉት። ስሙ የወጣለት ከእጁ ነው። ሌላው በያጅ በሜትርና በጠመኔ ለክቶ የሚሠራውን እሱ በዓይኑ አይቶ ቀጥ ያደርገዋል። ብየዳው ላይ ጣት ቢያስኬዱ አይቆረቁርም ይላሉ። እኔ ስለ ብረት አላውቅም፣ ሲያወሩ ሰምቼ ነው።

ሥራው የውሃ ታንከር ነው። ውጭውን ማንም ይበይደዋል፣ ውስጡ የሚገባው ግን እሱ ነው። በጠባቧ ቀዳዳ አጎንብሶ ይገባና ቀዳዳዋን በሸራ ይዘጉበታል። ንፋስ ከገባ ብየዳው እንደ ስፖንጅ ይቦረቦራል፣ ታንከሩም ያፈሳል። ጭሱስ ቢሉ፣ ለጭሱ ወተት አለ። ወተት ጭሱን ይጠርጋል ይላሉ፣ በያጅ ሁሉ ይህንን ያምናል። እኔም አምኜ ከተጋባን ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት በየጠዋቱ አንድ ሊትር በፔርሙዝ ሞልቼ ሥራ ቦታው ድረስ ወስጃለሁ። ቢያመኝም፣ ቢዘንብም አስታጉዬ አላውቅም። ወተቱን ካደረስኩ ልቤ ያርፍ ነበር።

መጀመሪያ የጠፋው ሳቁ ነው። ልጆቹ ሲቀልዱ ፊቱ አይፈታም። የተቀየመኝ መሰለኝ። አንድ ቀን ልብስ እያጠፍኩ፣

«ምን አድርጌህ ነው ፊትህን የቋጠርክብኝ?» አልኩት።

«እኔ? እየሳቅኩ እኮ ነው» አለኝ።

ቀና ብዬ አየሁት። ፊቱ ግድግዳ ነው።

ቀጥሎ ድምፁ አነሰ። ቀጥሎ ወደ ኋላ መራመድ አቃተው። በር ሊከፍት ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሲል፣ የገፉት ይመስል በጀርባው ወደቀ። ልጆቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ።

አብሮት የሚበይድ አንድ ሰው አለ፣ አፉ ስለማያርፍ «ሬዲዮ» ነው የሚባለው። ወተቱን ይዤ ስደርስ፣

«እትዬ፣ የውሃልካችን አረፋ መሐል አልቆም አለ እኮ። ትናንት የበየደው እባብ ነው የሚመስለው» አለ።

«አፍህን ያዝ» አለው ባለቤቴ።

«ምን? ጮክ በል እንጂ።»

ሁሉም ሳቁ። ሬዲዮ ግን እስከ በሩ ተከትሎኝ ወጣና፣ «ሐኪም ዘንድ ውሰጂው። እኔ አልነገርኩሽም» አለኝ።

ሬዲዮም ባለቤቴም የሚፈሩት አለቃውን ነው። ታምሞ ሐኪም ቤት የሄደን በያጅ አለቃው መልሶ አያስገባም። ከዚህ በፊት አንዱን «ድነህ ና» ብሎ እንደሸኘው ቀረ።

ባለቤቴን ሐኪም ዘንድ እንሂድ ብዬ ስድስት ወር ለመንኩት። አንድ ጠዋት ማንኪያው አፉ ሳይደርስ ፈሰሰበት። ልጃችን አየችና ከማዕድ ተነሳች። እኔ በስድስት ወር ያቃተኝን እሷ በዚያች ቅጽበት ቻለችው።

«እንሂድ በቃ» አለ። መንገድ ላይ ግን፣ «ግንበኛ ነኝ ነው የምላቸው። አንቺ አፍሽን እንዳትከፍቺ» አለኝ።

አፍ መክፈት ድሮም አይሆንልኝም። ሰው ፊት ስቆም ምላሴ ይታሰራል።

ሐኪሟ ወጣት ናት። አስኬደችው፣ ጣቶቹን አስከፍታ አስዘጋችው። ከኋላው ቆማ ትከሻውን ሳብ ስታደርገው ሊወድቅ ሲል ደገፈችው።

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ግንበኛ።»

«ከኬሚካል፣ ከብረት ጭስ ጋር የሚያገናኝዎት ነገር የለም?»

«የለም።»

ጻፈች። ከተናገርኩ ሥራውን አሳጣዋለሁ፣ ዝም ካልኩ ደግሞ እሱን ራሱን አጣለሁ። ካርዱን ልታጥፍ ስትል፣

«በያጅ ነው» አልኩ።

«ምን አሉ እናቴ?»

«በያጅ ነው። ታንከር ውስጥ ገብቶ፣ ዘግተውበት። ሥራውን ከጀመረ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ወተት ግን ይጠጣል፣ አንድ ቀን አጉድዬበት አላውቅም።»

እሱ መሬት መሬት ያያል። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ወተቱ የሚሄደው ወደ ሆድ ነው፣ ጭሱ ግን በሳንባ አድርጎ ደም ውስጥ ይገባል አለችኝ። ጭሱ ውስጥ ማንጋኒዝ የሚባል ብረት አለ፣ ሲበዛ አንጎል ውስጥ ይጠራቀምና እጅ እግርን የሚያዘውን ቦታ ይጎዳል። ይህ ነው ብላ ግን አልቆረጠችም፣ የደምና የጭንቅላት ምርመራ አዘዘች።

«ይድናል?» አልኳት።

«የተጎዳው ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባም። እዚያ ጭስ ውስጥ ከቆየ ግን ይብሳል ብዬ እፈራለሁ። ከዛሬ ጀምሮ እንዳይገባ።»

ደጅ ስንወጣ፣ «ሸጥሽኝ» አለኝ። አራት ቀን ከቤት አልወጣም።

በአምስተኛው ቀን የሥራ ልብሱን ለበሰ። ልከልክለው አልደፈርኩም፣ ከሩቅ ተከተልኩት። ሥራ ቦታ አዲስ ታንከር ቆሟል። ቀዳዳው ፊት ብዙ ቆመ።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለው አለቃው።

«አልገባም።»

«ምን?»

«አልገባም አልኩ። ልለካልህ፣ ምልክት ላድርግልህ፣ ውጭ ውጭውን ልሥራ። ውስጥ አልገባም።»

አለቃው አገጩን አከከ። «እስከ ወር እናያለን» አለ። አላባረረውም፣ እሺም አላለውም። ከዚያም ዞር ብሎ፣ «ሬዲዮ፣ ግባ» አለ። ሬዲዮ ገባ። ሸራውን ዘጉበት።

የባለቤቴ የምርመራ ውጤት ገና አልደረሰም። እሱ አያነሳውም፣ እኔም አላነሳውም። ማታ ከጎኔ ሲተኛ አተነፋፈሱን አዳምጣለሁ፣ ከአተነፋፈስ የሚታወቅ ነገር ባይኖርም።

ትናንት ሬዲዮን መንገድ ላይ አገኘሁት። ሐኪሟ ያለችውን እንደምንም ነገርኩት። ሸራውን ያንሱልህ፣ አየር ይግባ አልኩት።

«አለቃችን ንፋስ ገባብኝ ብሎ ይጮኻል እትዬ» አለኝ። «ደግሞ እኔ ወተቱን ሁለት ሊትር አድርጌዋለሁ።»

ሊሄድ ሲል፣ «ቤታችሁ በየት በኩል ነው?» አልኩት።

«ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ። ምነው?»

«ወተቱን የምትገዛው ባለቤትህ ናት?»

«እሷ ናት።»

እሁድ እሄዳለሁ። እንዴት ብዬ እንደምጀምርላት ግን አላውቅም።