የኪስ ግጥሞችና የአባቴ ማር

ባለፈው ሳምንት ሁለት ተማሪዎች ቦንጋ ያለው ቤቴ ድረስ መጡ። የታመመች የክፍል ጓደኛቸውን ለማሳከም የኪስ ግጥም መጽሐፍ ሊያሳትሙ ነው፤ ስማቸው ያልተሰማ ልጆች የጻፉት፣ ዋጋው ከአንድ ብርጭቆ ሻይ የማይበልጥ። መግቢያ እንድጽፍላቸው ነበር የፈለጉት። ረቂቁን ገልጬ የመጀመሪያውን ግጥም ሳነብ ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ። ልጆቹም ግጥሙ ያልጣመኝ መስሏቸው ደነገጡ፤ እኔን ግን አንድ የድሮ ግጥም ነበር ያስታወሰኝ።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ ከማንኪራ መንደር መጥቼ ቦንጋ ቤት ተከራይቼ የምማር ልጃገረድ ነኝ። ዓርብ ወደ ቤት እሄዳለሁ፣ እሁድ የሳምንት ቆጮዬን ተሸክሜ በጭቃው መንገድ እመለሳለሁ። ጫካው ሲያብብ ያ መንገድ ማር ማር ይሸታል፤ ዛሬም ሽታው ሲመጣብኝ እግሬ የሚከብደኝ ይመስለኛል። ያን ዓመት ማር በሚቆረጥበት ወቅት አባቴ ዛፍ ላይ የሰቀለውን ቀፎ ሊያወርድ ወጥቶ ወደቀ። ጤና ጣቢያው አይቶት፣ ጅማ ሄዶ ካልታከመ ቆሞ አይሄድም አለን።

ጅማ የሚያደርስ አቅም አልነበረንም። የአማርኛ አስተማሪያችን ቲቸር መላኩ፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ደግ ሰው፣ የሥነ ጽሑፍ ክበቡን ሰበሰበና «ግጥም ጽፋችሁ እንሸጣለን» አለ። በስቴንስል ተባዛ፣ ወረቀቱ ለአራት ተቆረጠ፣ በመርፌና በክር ተሰፋ፤ መዳፍ የምታክል መጽሐፍ ሆነች። እኔም በድብቅ እጽፍ ነበር፤ ግን ማንም ጻፊ አላለኝም። ለተረጂ ይጻፍለታል እንጂ እሱ አይጽፍም መሰለኝ።

በገበያ ቀን ታደለ የሚባል የክፍላችን ልጅ፣ ድምፁ ሰው የሚያስቆም፣ የትምህርት ቤቱን ድምፅ ማጉያ ይዞ ማንበብ ጀመረ፦

ወድቆ ቀረ ድሃው፣ ማን አለው ከጎኑ፣
ለልመና ወጣ፣ ጨለመበት ቀኑ።

አባቴ! እንኳን ሊለምን፣ ለጎረቤት ሳይልክ የራሱን ማር ቀምሶ አያውቅም። አንዷ ሴትዮ መጽሐፏን ገዝታ «አይዞሽ የኔ ልጅ» እያለች ራሴን ዳበሰችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ይበልጥ ያሳፈረኝ ግን ሌላ ነው፤ አንዲት መጽሐፍ በተሸጠች ቁጥር ውስጤ ደስ ይለው ነበር። ታደለ ሲያስለቅስ ሰው ይገዛል፤ ሰው ሲገዛ ጅማ ትቀርባለች።

በዚህ መሃል የመንደራችን ሰዎች አባቴን በቃሬዛ ተሸክመው ደረሱ። ጅማ የሚወስደው አይሱዙ የሚነሳው ከገበያው ዳር ነበር። ቃሬዛውን አሳርፈው ላባቸውን ሲጠርጉ ታደለ ያችኑ ግጥም እንደገና ጀመራት። አባቴ አንገቱን ቀና አድርጎ አዳመጠ።

«ምን እያሉ ነው?» አለኝ በቋንቋችን በከፍኛ።

አፌ በራሱ ተከፈተ። «የማንኪራ ዛፎች ያ ሰውዬ የት ቀረ እያሉ ይጠይቃሉ፤ ንቦቹ ሌላ ሰው ሲወጣባቸው ይቆጣሉ። እሱ ለጎረቤቱ ማር ይልክ ነበር፤ ዛሬ ጎረቤቱ ትከሻውን ላከለት። እንዲህ ነው የሚሉት።»

ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። አባቴ ጅማ ለሚያሳድረን ሰው ብሎ ያስያዘውን ማር አስመጣ።

«ለዚያ ለሚያነበው ልጅ ስጡልኝ» አለ። «ጉሮሮው ደርቋል።»

ታደለ ማሩን በሁለት እጁ ተቀበለ፤ ከየት እንደመጣለት ሲያሳዩት ድምፅ ማጉያውን አውርዶ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

አባቴ ታክሞ በምርኩዝ ተመለሰ፤ ዛፍ ግን ደግሞ አልወጣም። እኔም አስተማሪ ሆንኩ፣ ከብዙ ዓመት በኋላም የራሴን ትንሽ መጽሐፍ አሳትሜ አነበብኩለት።

«ጥሩ ነው» አለ። «ያን ቀን ገበያ ላይ ያልሽልኝ ግን ይበልጣል።»

«ያ እኮ የእነታደለ ነው።»

«የእነሱንማ ሰማሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ለከተማ ሰው ማር የሸጥኩት በምን ቋንቋ መሰለሽ?»

የምገባበት ጠፋኝ። አባቴ ማር ሲሸጥ ከጎኑ ተቀምጬ ያደግሁ ልጅ፣ አማርኛ መስማቱን እንዴት ረሳሁ? ድሃው፣ ለማኙ ሲባል አንድ በአንድ ሰምቶ ነው ማሩን የላከው።

ለተማሪዎቹ ረቂቁን መለስኩላቸው። «የታመመችው ልጅ አይታዋለች?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «አላሳየናትም» አሉ። «መጀመሪያ ለእሷ አንብቡላት» አልኳቸው፤ «የራሷ ግጥም እንዳላትም ጠይቋት። መግቢያው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።»

እየተነጋገሩ ወጡ፤ ግትር ሴትዮ ብለውኝ ይሆናል። እኔም በረንዳው ላይ ቆሜ ያን ቃሬዛ አሰብኩ። ብዙ ዘመን አባቴን ከውርደት ያዳንኩት እየመሰለኝ ኖሬያለሁ። ግን አንገቴን ደፍቼ መቆሜን ከተኛበት ሆኖ አይቶ ነበር፤ «ምን እያሉ ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ቀና እንድል እንጂ ስላልገባው አልነበረም።