እህቴ የሞላችው ሰዓት

ሰርተፍኬት የሚለውን ቃል ስሰማ እስከ ዛሬ እህቴ ትታወሰኛለች። የትምህርት ቤቱን ማለቴ አይደለም። ኮምፒዩተሮች እርስ በርስ ከመነጋገራቸው በፊት የሚያሳዩትን፣ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ጊዜ የተጻፈበትን መታወቂያ ነው የምለው።

ያኔ ሰበታ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ኮምፒዩተር ጠጋኝ ነበርኩ። ጠጋኝ ይባል እንጂ ቀኔ የሚያልቀው ፕሪንተር ውስጥ የተቀረቀረ ወረቀት በመጎተት ነበር። ኮንትራቴ በወሩ መጨረሻ እንደሚያበቃና እንደማይታደስ ተነግሮኛል። አዲስ አበባ ያለ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ደግሞ ማመልከቻዬን አይቶ ለተግባር ፈተና ቀጠረኝ፤ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ በቪዲዮ። የምኖረው ቡራዩ ከታላቅ እህቴ ጋር ነው። ይህ ካመለጠኝ እሷው ትከሻ ላይ መቅረቴ ነበር፤ ሠላሳ አራት ዓመት ለሞላው ሰው ይህ ያሳፍራል።

ፈተናው ሦስት ማሽኖችን አገናኝቶ እንደ አንድ ማሠራት ነው። ክላስተር ይሉታል። አንዱ ማሽን አለቃ፣ ሁለቱ ሠራተኛ ይሆናሉ፤ ፕሮግራሞቹ ኮንቴይነር በሚባል ማሸጊያ እየተጠቀለሉ ለሠራተኞቹ ይታደላሉ። ሦስት ኮምፒዩተር የሌለው ሰው ባለው ኮምፒዩተር ውስጥ ቨርቹዋል ማሽን የሚባሉ፣ በሶፍትዌር የተሠሩ ኮምፒዩተሮች ይፈጥራል። ይህን ለእህቴ ሳስረዳት፣ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቋ ራሱ የብረት ኮንቴይነር ነውና፣ «በኮንቴይነር ሥራ እንኳ እኔ እቀድምሃለሁ» ብላ ሳቀችብኝ።

የኔ ላፕቶፕ አለቃውን ብቻ ቻለ። ሁለተኛ ማሽን ስጨምርበት ደርቆ ይቀራል። ስለዚህ ሁለቱን ሠራተኞች በእህቴ ዴስክቶፕ ላይ ፈጥሬ ሁለቱን ኮምፒዩተሮች በኬብል ላገናኝ ወሰንኩ። እህቴም የምትጽፍበትን ማሽን ለቀቀችልኝ።

ያ ዴስክቶፕ ግን አንድ አመል አለው። ሰዓቱን የምትይዝለት ትንሽ ባትሪ ሞታለች፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑም ሰዓቱም ወደተሠራበት ዓመት ይመለሳል። ቡራዩ ላይ ደግሞ መብራት መጥፋቱን አይረሳም። ኮምፒዩተር ጠጋኝ ወንድም እያላት፣ «ነገ እቀይርልሻለሁ» እያልኳት ሁለት ዓመት አልፏል። ሰዓት ከተዛባ ሰርተፍኬት እንደሚበላሽ አውቅ ስለነበር አደራ አልኳት።

«ጠዋት ስትከፍቺው ቀኑንና ሰዓቱን ሙዪልኝ። ቀኑን በእኛ እንዳታደርጊው፣ በፈረንጆቹ ነው።»

«እሱን ለኔ ተወው» አለች።

ከፋብሪካው ፈቃድ ወስጄ ሐሙስ ጠዋት ሱቋ ውስጥ ጀመርኩ። ኢንተርኔቱ ስለሚቆራረጥ የሚያስፈልገኝን ሁሉ በፍላሽ ይዤ ነበር። አለቃው ያለ ችግር ተነሣ። ሠራተኞቹን ግቡ ብዬ ሳዛቸው ግን አንድ ቀይ መስመር መጣ፦ የሰርተፍኬቱ ጊዜ አልፏል፣ ወይም ገና አልደረሰም ይላል። አልፏል የሚለውን አነበብኩና ሌላ ሰርተፍኬት አወጣሁ። ያው ቀይ መስመር። ሌላ አወጣሁ። ከአምስት ደቂቃ በፊት የወጣ ነገር እንዴት ነው ጊዜው የሚያልፍበት? የእህቴን ኮምፒዩተር ሰዓት አየሁ፤ ሦስት ከሩብ ይላል። የግድግዳውም ሰዓት ሦስት ከሩብ ይላል። በዚህ በኩል ምንም የለም ብዬ ተውኩት።

እስከ አራት ሰዓት ታግዬ ተሸነፍኩ። ከሰዓት በኋላ፣ አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ኬብሉን ቀይሬ ያንኑ ትእዛዝ ስደግም ሠራተኞቹ ሰተት ብለው ገቡ። ሦስቱም ዝግጁ። ለካ ኬብሉ ኖሯል ብዬ አሮጌውን ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ወረወርኩት።

ፈተናው ከባዶ ተነሥቶ መሥራት ስለሆነ ዓርብ ጠዋት ሁሉንም አጥፍቼ እንደገና ጀመርኩ። ቀዩ መስመር ተመለሰ። አሮጌውን ኬብል ከቅርጫቱ አውጥቼ ሞከርኩ፣ እሱም ያው። በዚህ መሐል አንድ ሽማግሌ የቦታቸውን ማመልከቻ ሊያስጽፉ መጡ።

«አከም ቡልቴ?» ብለው በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ አሏት እህቴን።

«ናጋ፣ ኦቦ። አከም ቡልተኒ?» አለችና ወደኔ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ቀና አላልኩም። «ማሽኑ ተይዞብኛል። ነገ ይምጡልኝ፣ ወይ ማዶ ያለው ሱቅ ይጽፍልዎታል» አለቻቸው።

ሽማግሌው ወደ ማዶ ተሻገሩ። እንዲህ እያለች ሦስት ቀን ደንበኞቿን ማዶ ሰደደች።

ዓርብም ከሰዓት በኋላ ሠራ። ቅዳሜም ጠዋት እምቢ ብሎ ከሰዓት ታዘዘ። ጠዋት የሚያምፅ፣ ከሰዓት የሚታዘዝ ማሽን በየትኛውም መጽሐፍ የለም። የኔ ክላስተር ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የሚለውን ረስቼ ጥፋተኛ ፍለጋ ገባሁ፤ ጠዋት ያን ማሽን ከኔ በፊት የሚነካው ማነው? እህቴ። ምን ነካክታ ይሆን? አልጠየቅኳትም፣ ግን ስትቀርበኝ ፊቴን ማጥቆር ጀመርኩ። እሷ ፈተናው ያስጨነቀኝ መስሏት እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ስለትም ሳትሳልልኝ አልቀረችም።

ሰኞ ፈታኙ በስክሪኑ መጣ፣ ረጋ ያለ ጎልማሳ። ከእኔ ቀድማ ሱቁን የከፈተችው እህቴ ከኋላዬ ተቀምጣ ወረቀት ትቆጥራለች። አለቃው ተነሣ። ሠራተኞቹን አዘዝኩ። ቀይ መስመር። ደገምኩ። ቀይ መስመር።

«ምን የሆነ ይመስልሃል?» አለ ፈታኙ።

«ማሽኑ የኔ አይደለም» አልኩ። «የእህቴ ነው። ጠዋት ጠዋት ስትነካካው ነው መሰለኝ። ያው አላዋቂ ሳሚ…»

ተረቱን አልጨረስኩትም። ንፍጡን ለማስታወስ የኔ እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው የለም። ከኋላዬ የወረቀቱ ድምፅ ቆመ።

ፈታኙ ተረቱን አልፎ፣ «አሁን ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ።

«ሦስት ከሃያ።»

«ሠራተኞቹ ያሉበት ኮምፒዩተር ስንት ይላል?»

«እሱም ሦስት ከሃያ። ሰዓቱ ልክ ነው።»

«ላፕቶፕህስ?»

«ዘጠኝ ከሃያ።»

ካልኩ በኋላ ነው ጆሮዬ የሰማኝ። ላፕቶፑ እንደ ፈረንጆቹ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ይቆጥራል፤ ዓይኔ ዘጠኝን እያየ አፌ ሦስት ማለት ከለመደ ዘመን ሆኖታል። የእህቴ ኮምፒዩተር ደግሞ ሦስት ይላል፤ ያንንም ሦስት ብዬ አነበብኩት። ለማሽኖቹ ግን በመካከላቸው ስድስት ሰዓት አለ። ሠራተኞቹ ገና ሌሊት ላይ ናቸው፤ የማወጣላቸው ሰርተፍኬት ሁሉ ለእነሱ ስድስት ሰዓት ቆይቶ የሚጀምር ነው። ገና አልደረሰም ይል ነበር ቀዩ መስመር፣ እኔ ያላነበብኩት ግማሹ። ከሰዓት በኋላ የሚሠራውም ሰዓታቸው እየሄደ ስለሚደርስበት ነበር። ኬብሉ ምንም አላጠፋም።

የእህቴን ኮምፒዩተር ሰዓት ወደ ዘጠኝ አመጣሁ። ሦስቱም ማሽኖች ዝግጁ ሆኑ። ፈታኙ ሳቀና እሱም ሥራ ሲጀምር በዚሁ ተሸውዶ እንደነበር ነገረኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተቀጠርኩ።

ጥሪው ሲዘጋ እህቴ ከሱቁ በር ላይ ቆማ መንገዱን ታይ ነበር።

«ስህተቱ የኔ ነበር?» አለች፣ ሳትዞር።

ቀኑን አስጠንቅቄ ሰዓቱን የዘነጋሁት እኔ ነኝ። ሦስት ቀን ሙሉ እያየሁት ያላየሁትም እኔ ነኝ። ባትሪዋን ሁለት ዓመት ያልቀየርኩትም እኔው። ይህን ሁሉ በዚያች ደቂቃ አውቄዋለሁ።

«የሁለታችንም ነው» አልኳት። ይህችን መልስ ባስታወስኩ ቁጥር አፍራለሁ።

አሁን አዲስ አበባ ነው የምኖረው፣ እሑድ እሑድ ቡራዩ እሄዳለሁ። ባትሪዋን በመጀመሪያው እሑድ ቀየርኩላት፤ መብራት ቢጠፋም ሰዓቱ ከዚያ ወዲህ ተዛብቶ አያውቅም። ይቅርታም ጠይቄያታለሁ፣ «ምን ሆንኩና» ብላ ምሳ አቀረበችልኝ። ነገር ግን የምትጽፋቸው ማመልከቻዎች ሁሉ የቀኑ ቦታ ባዶ ሆኖ ነው የሚታተሙት። ከታተሙ በኋላ የግድግዳውን ካላንደር አይታ በእስክሪብቶ ትሞላዋለች።

«ማሽኑ እኮ ራሱ ያስገባልሻል፣ አሁን ልክ ነው» እላታለሁ።

«እኔ አላውቅበትም፣ በእጄ ይሻለኛል» ትልና ቀኑን ጽፋ ለደንበኛው ትሰጣለች።