ስም ያለበት ካሴት

ኖሪፉሚ አንዲት አሮጌ የጌም ማሽን ሸጦ ባቡር ጣቢያው አጠገብ አፓርታማ ገዛ ተብሎ ኒፖምባሺ ሰፈር ሙሉ ተወራ። ወሬውን የጀመሩት ከአሮጌ ጌም ሱቁ ፊት ለፊት ታኮያኪ የሚባለውን የኦክቶፐስ ቂጣ የሚጠብሱት እትዬ ማሱዮ ናቸው፤ እኔም በአቅሜ ሁለት ሰፈር አድርሼላቸዋለሁ።

ውሸት ነው። ሰውዬው ዛሬም የሚተኛው ከሱቁ በላይ፣ በካርቶን መሀል፣ እግሩን አጥፎ ነው። አፓርታማ ቀርቶ ትራስ አልገዛም፤ ምክንያቱም ምንም ነገር አይሸጥም። ሻንጣ የሚጎትት ቱሪስት ገብቶ የተለጠፈውን ዋጋ አይቶ «እሺ» ካለው ፊቱ ይጠቁራል።

«ሳይከራከር እሺ ካለ እኮ አርክሼዋለሁ» ይልና ማሽኑን ከመስኮቱ አንስቶ አዲስ ዋጋ ይለጥፍበታል። ልጆች ሳለን በእግራችን ገፍተን ከቴሌቪዥን ሥር የምንከተው ፕላስቲክ ዛሬ እንደ ወርቅ ጥርስ ይጠበቃል።

አንድ ሙያ ግን አለው፤ ማጽዳት። ጥጥና አልኮል ይዞ ከተቀመጠ ወዮለት ለቆሻሻ። በተለይ ስም ጠላቱ ነው። በእኛ ጊዜ የጌም ካሴት ከቤት ቤት ሲዞር እንዳይጠፋ ጀርባው ላይ የልጁ ስም በማርከር ይጻፍ ነበር። ስም ያለበት ካሴት ደግሞ ዛሬ ዋጋው ይወድቃል። ስለዚህ ኖሪፉሚ የስንቱን ልጅነት በጥጥ ጠርጎ ሸጧል። ይቅርታ፣ ለመሸጥ አዘጋጅቷል።

ታናሽ እህቱ ቺናሚ የአባታቸው ሙት ዓመት ሲደርስ መጣች። አባታቸው የሱቅ ሰሌዳ ጸሐፊ ነበሩ። የጻፉላቸው ሱቆች አብዛኞቹ ፈርሰዋል፤ ለእሷ ብለው የጻፉት ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የልጅነት ካሴቷ ላይ ያለው ስሟ። ያ ካሴት ወንድሟ ሱቅ ውስጥ ነበር።

«ጋሼ፣ ካሴቴን ስጠኝ። የአባባ ፎቶ ፊት ላስቀምጠው ነው።»

«የእሷ ካሴት ዋጋ እኮ አሁን እየጨመረ ነው። እስከ አዲስ ዓመት ታገሺ።»

«ልሸጠው አይደለም።»

«እሱ ነው ችግርሽ።»

እትዬ ማሱዮ ከማዶ ሆነው «አንተ ስስታም፣ ይሄን ከራስህ በላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ አባትህ ስንት አስከፍለውህ ነው የጻፉልህ?» አሉት።

ሰሌዳውን ቀና ብሎ አየና አፈረ። «ነገ ነይ። በነፃ ነው የምሰጥሽ» አለ፤ «ነፃ» የምትለው ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰንቅራ።

በማግስቱ ቺናሚ ስትመጣ እኔና እትዬ ማሱዮ ሥራ ፈተን በሩ ላይ ቆመናል። ካሴቱን ግልጽ ሣጥን ውስጥ ከትቶ በሁለት እጁ አቀረበላት። አውጥታ ገለበጠችው። ጀርባው እንደ አዲስ ሳህን ያበራል። ጣቷን ከዳር እስከ ዳር አስኬደችበት።

«ስሟስ?» አሉ እትዬ ማሱዮ።

«ለእህቴ ብዬ አይደል የደከምኩት» አለ ኖሪፉሚ፤ ደረቱን ነፍቶ። «አንዲት ጭረት የለበትም።»

ያልገባን መሰለው መሰል፣ ካሴቱን ከእጇ ወስዶ ወደ ብርሃኑ አዙሮ አሳየን።

«እዩት እስቲ። ልጅ ነክቶት የሚያውቅ ይመስላል?»