ሦስት መደብ ያላት ቤት

ባለፈው ሰኞ ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ አቶም ኤሌክትሮን ሲጨመርለት ስለሚመጣው የኃይል ለውጥ አስተምር ነበር። ክሎሪን አንድ ኤሌክትሮን ሲያገኝ ብዙ ኃይል ይለቃል፤ ናይትሮጅን ግን በግድ ካልሆነ አይቀበልም አልኳቸው። "ዳር ካሉት ኤሌክትሮኖቹ ሦስቱ በየክፍላቸው ብቻቸውን ናቸው። አዲስ መጭ ከአንዱ ጋር መዳበል አለበት፤ ለዚያ ኃይል የምንጨምረው እኛ ነን።"

ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ኦክስጅንስ? እሱም እኮ ተዳብሎ ነው የሚቀበል፤ ግን ኃይል ይለቃል።"

ከደወል በኋላ እነግርሻለሁ አልኳት። ይህን ጥያቄ በወጣትነቴ ሰምቼዋለሁ።

ያኔ እኔም እዚሁ ደብረ ታቦር አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። እንደ እኔው ከገሳይ አካባቢ ከመጡ ሁለት ልጆች ጋር አንዲት የጭቃ ቤት ተከራይተን ነበር። ሦስት የጭቃ መደብ ነበራት፣ ለያንዳንዳችን አንዳንድ። ቅዳሜ ቅዳሜ አገር ቤት ወርደን ስንቅ እንይዛለን፤ ቤቷ ሁልጊዜ በሶና ድርቆሽ ትሸታለች። ከጉና የሚወርደው የጥቅምት ብርድ ግን በሽንቁሩ ሁሉ ይገባ ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት እንደተመለስን ያገሬ ልጅ ሙላት የበሶ ከረጢቱንና ቁርበቱን ይዞ ደጃችን ቆመ። ያስጠጋው አጎቱ ወደ እብናት ተዛውሮ ማደሪያ አጥቷል። ቤት ካላገኘ ትምህርቱ መቅረቱ ነው።

"መሬቱም ይበቃኛል" አለ።

ልጆቹ እኔን አዩኝ። የቤቱ አለቃ እኔ ነበርኩ። እውነቱን ልናገር፣ ቦታ ጠፍቶ አልነበረም። ሙላት በኬሚስትሪ ይበልጠኝ ነበር፤ ይህ ያንገበግበኝ ነበር። የዕለቱን ትምህርት አስታውሼ ቀለድኩበት።

"እኛ ናይትሮጅን ነን። ሦስታችንም በየመደባችን ነን፤ አራተኛ አንቀበልም።"

ጓደኞቼ ከት ብለው ሳቁ። ሙላትም ፈገግ አለ።

"ኦክስጅንስ? እሱ ተዳብሎም ይቀበል የለም እንዴ?"

"ነገ እንነጋገራለን" ብዬ በሩን ገፋሁት።

ነገ አልተነጋገርንም። ሙላት ሦስት ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ከቆሎ ተማሪዎች ጎጆ አደረ አሉ። ቅዳሜ ለስንቅ ወረደ፤ ሰኞ ወንበሩ ባዶ ነበር። ያን ዓመት በኬሚስትሪ አንደኛ ወጣሁ። እናቴ ስትመርቀኝ አንገቴን ደፋሁ፤ እሷ ትሕትና መስሏት ነበር።

ደወል ሲደወል ልጅቱን አስቀረኋት። ስሟን ጠየቅኋት።

"ትዕግስት ሙላት።"

"ከየት ነሽ?"

"ከገሳይ በታች። አባቴ ነው ኬሚስትሪ ያስወደደኝ። እሱም እዚህ ጀምሮ ነበር።"

"ለምን ተወው?"

"ቤት አጥቼ ነው ብሎኛል።"

ይህን ብቻ ነው የነገራት። ስሜን አላነሳም።

"አንቺስ የት ነው የምታድሪው?"

"ከሦስት ልጆች ጋር። መደቡ ሁለት ነው፤ ተዳብለን ነው።"

"አይጠባችሁም?"

"ይጠባል። ግን ይሞቃል፣ ቲቸር።"

የኦክስጅን አስኳል ኤሌክትሮኑን ከናይትሮጅን ይልቅ አጥብቆ ስለሚስብ ነው ብዬ አስረዳኋት። አመስግናኝ ወጣች። ለእሷ መልስ ነበረኝ። ለአባቷ ግን የምሰጠው መልስ ዛሬም የለኝም፤ ገሳይ ደግሞ ሩቅ አይደለም።