የዘይት ቆርቆሮው ዘንባባ

«ዘንባባ በደጋ አይበቅልም» ያለችኝ ታላቅ እህቴ ናት። ትዳሯ አበርገሌ ነው፣ ወደ ተከዜ በሚወርደው ቆላ። ሰሌን ስትሠራ ነው ያረጀችው፤ ዘንባባን ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ካገባች ጀምሮ ግን አንድ ቀን ወደኔ ወጥታ አታውቅም። ሁልጊዜ ወራጇ እኔ ነኝ።

የኔ እግር አንድ ቦታ አይረጋም። ጽጽቃ የወንድሜ ልጆች አሉ፤ የታቦት ንግሥ ከተባለም አልቀርም። ሲደክመኝ ሰቆጣ ልጄ ቤት ገብቼ አርፋለሁ። አንዴ እህቴ ዘንድ ወርጄ ሳለሁ ከዛፉ ሥር የወደቀ የዘንባባ ፍሬ ለቅሜ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ስቋጥር አየችኝና ሳቀች።

«አንቺ ወፈፌ፣ ምን ልታደርጊው ነው?»

«እዘራዋለሁ።»

«ሰቆጣ? ያ ቁር? በይ እንግዲህ፣ በቅሎ ከተገኘ ላኪብኝ። ጉልበቴን እየጎተትኩም ቢሆን ወጥቼ አየዋለሁ።»

«ትምያለሽ?»

«በእናታችን አጥንት!»

ያን ፍሬ የዘራሁት ለዘንባባው ብዬ ብቻ አልነበረም። እህቴ አንድ ቀን ደጄን ረግጣ እንድትገባ ነው።

ልጄ የጣለችውን የዘይት ቆርቆሮ አነሣሁ፣ ታቹን በምስማር በሳሳሁት። የወንዝ አሸዋ ከፍየል ፍግ ጋር ቀላቅዬ ሞላሁና ፍሬውን ቀበርኩት። ክረምቱ ወጣ፣ ምንም የለም። ልጄ «እምየ፣ አፈር ታጠጫለሽ» እያለች ትስቅብኛለች። አንድ ጠዋት እንደ ስንዴ ቡቃያ ያለች ቀጭን ነገር ብቅ ብላ አገኘኋት። ልጄ አረም መስሏት ልትነቅላት ስትል እጇን ያዝኩ።

ዘንባባ ቸኩሎ አያድግም። አንድ ቅጠል አውጥቶ ቁጭ ይላል፤ የረሳሽው ቀን ሌላ ይጨምራል። ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ደጅ አወጣዋለሁ፤ ነፋስ ሲነሣ አስገብቼ መስኮቱ ሥር አኖረዋለሁ። ውሃ አላበዛበትም፣ ሥሩ ይበሰብሳል። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ቅጠል በቅጠል እጠርግለታለሁ። «ሙሽራዋ ገባች?» ትለኛለች ልጄ ማታ ማታ። «ገባች» እላለሁ። እንዲህ እየተባባልን ዓመታት ሄዱ። ቅጠሉ እንደ ላባ ተሰነጣጠቀ፣ ቁመቱም ወገቤ ደረሰ። ያኔ ለእህቴ ላክሁባት፦ ለፋሲካ ውጪ፣ ሙሽራዬ በቅላለች።

በዚያው በሁዳዴ ጾም ጽጽቃ የወንድሜ ልጅ ታመመችና ልጠይቃት ሄድኩ። ስወጣ ልጄን አጠገቤ አቁሜ፣ «አደራሽን» አልኳት። «እህቴ እስክታየው ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ብትፈልጊ ጣይው።»

«ምን ነካሽ እምየ፣ ከልጆቼ ለይቼ አየዋለሁ?» አለችኝ።

የተመለስኩት የሆሳዕና ለት ጠዋት ነው። ቤት ሳልገባ ቀጥታ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። በዚያ ዓመት መንገዱ ስለተበላሸ ከቆላ ዘንባባ አልወጣም ነበር፤ ብዙው ሰው እንግጫ ነው ግንባሩ ላይ ያሰረው። እኛ ሰፈር ሴቶች ግን ሁሉም ዘንባባ አስረዋል። ልጄ አየችኝና መጣች፤ ነጭ፣ ለስላሳ ዘንባባ ግንባሬ ላይ አሰረችልኝ።

«ከየት አገኘሽው?» አልኳት።

«ከገበያ።»

«ተባረኪ» ብዬ ሰገድኩ።

ቤት ስገባ መስኮቱ ሥር ባዶ ነው። ቆርቆሮውን ጓሮ አገኘሁት። ቅጠል የሚባል የለውም፤ መሀሉም እንደ ሽንኩርት አግድም ተቆርጧል። ሌላ ዛፍ ቢቆርጡት በጎን ያቆጠቁጣል። ይሄ ግን ልቡ አንድ ናት፤ እሷ ከሄደች ሄደ ነው። ግንባሬን ዳሰስኩ። የገዛ ዘንባባዬን አስሬ ነው ስሰግድ የዋልኩት።

«ጎረቤቶች ለመኑኝ እምየ» አለች ከኋላዬ። «ለጌታ ነው፣ እንዴት ልከልክል?»

«መሀሉንስ ማን ቆረጠው?»

«ነጩ ያምራል ሲሉኝ… እኔ ነኝ» አለች። «ሁሉም ሲመርቁኝ ደስ አለኝ።»

ለጌታ ዘንባባ አልሰስትም። ቅጠሉን ሁሉ ብትሰጥ ልቡ እስከተረፈች ድረስ በቅሎ ይሞላ ነበር። እሱም ይቅር። «ከገበያ» ያለችኝ ነው አንጀቴን ያሳረረው። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ የሚሉት ለካ እንዲህ ነው።

በማግስቱ ሕማማት ገባ። በሕማማት ሰላምታ የለም፤ ማንም ማንንም አይስምም፣ እንዴት አደርሽም አይባልም። ሳምንቱን ሙሉ ልጄን አላናገርኳትም፤ ከጎረቤት ያወቀብን የለም። ሕማማት ይሄን ያህል ሸሽጎኝ አያውቅም።

እህቴ በፋሲካ ማግስት መጣች። መንገዱ እንደተከፈተ ከወጣ ጭነት መኪና ወርዳ፣ ዱላዋን ተመርኩዛ፣ ላቧ ጠብ ጠብ እያለ። ሳትቀመጥ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየች።

«የታለች ሙሽራዋ?»

አፌን ሳልከፍት ልጄ ቀደመችኝ። «ቁር ገደላት አክስቴ። ልክ እርስዎ እንዳሉት።»

እህቴ ጭኗን መታች። «አላልኩሽም! ደጋ! አንቺ ወፈፌ፣ ለዚህ ነው ጉልበቴን ያስጨረስሽኝ?»

ልጄን አየኋት። ዓይኗን መለሰች። መጀመሪያ የዋሸችው እኔን ነበር፤ አሁን በኔ ላይ ዋሸች፣ ለዚያውም በሳቀችብኝ እህቴ ፊት። ከግንባሬ አውልቄ ምሰሶው ላይ ያሰርኩትን የሆሳዕና ዘንባባ ፈትቼ እህቴ እጅ ላይ አኖርኩት።

«ቁር አይደለም እትየ፤ ቢላ ነው።»

እህቴ በጣቶቿ መሀል አሸችው፣ አሸተተችው፤ ከልቡ የተቆረጠ መሆኑ ገባት። ሳቋ ጠፋ። ልጄ «ወጡን ልየው» ብላ ወጣች።

እህቴ ስትመለስ አብሬያት ወረድኩ። ልጄ በሩ ላይ ቆማ «መቼ ትመጫለሽ እምየ?» አለችኝ። ሁሌ የምመለስበትን በዓል እነግራት ነበር። ያን ቀን «እግዜር ያውቃል» አልኳት።

አበርገሌ ስንደርስ እህቴ ራሷ ጎንበስ ብላ ፍሬ ለቅማ ነጠላዬ ላይ ቋጠረችልኝ። «ዝሪው፣ እንደገና እወጣለሁ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቤት አድሬያለሁ። በገባሁበት ሁሉ ፀሐይ የሚገባበትን መስኮት አያለሁ፤ ከዚያ የቤቱን እመቤት ፊት አያለሁ፣ አደራ ትችል እንደሆን። ፍሬዎቹ አሁንም ነጠላዬ ጫፍ ላይ ናቸው።