ለአሥራ አንድ ዶሮ አሥራ አንድ ሹራብ

እማማ ሌምፒ ኦያላ በሰባ አራት ዓመታቸው ያልሰሙት ስድብ የለም ይባል ነበር። ይህን ግን ሰምተው አያውቁም።

"ዶሮዎችዎ እኮ እርቃናቸውን ናቸው!"

እንዲህ ያለው ጎረቤታቸው ዋረን ነው። ባለፈው በጋ ጡረታ ወጥቶ ከቺካጎ ወደዚህች የሐይቅ ዳር መንደር ገባ፤ የመጀመሪያው በረዶ ሳይጥል የመንደሩ ሊቅ ሆነ። በእጁ ቅርጫት፣ በቅርጫቱ ውስጥ አሥራ አንድ ሚጢጢ ሹራብ ይዟል። ባለ አዝራር ናቸው። አንደኛውማ ኪስ አለው።

"በገዛ እጄ ነው የሠራኋቸው" አለ ደረቱን ነፍቶ።

"ላባ የሚባል ነገር ሰምተህ ታውቃለህ?" አሉት። "ዶሮ ሲበርዳት ላባዋን ነፋ አድርጋ ሙቀቷን ትይዛለች። ይህን አጥልቀህባት በምኗ ትንፋ? ውሃ የነካው ዕለት ደግሞ እርጥብ ፎጣ ተሸክማ ልትውል ነው። ውሰድልኝ!"

"እሺ፣ ቢያንስ ከጣሪያው ሥር ያለውን ቀዳዳ ይድፈኑት! ከዜሮ በታች ሠላሳ ነው እኮ! ድመት ያስገባል!"

"ሽቦ አለው። መተንፈሻቸው ነው" ብለው በሩን ዘጉበት።

መንደርተኛው እንደሚለው፣ በንዴታቸው ብቻ ደጃፋቸው ላይ ሁለት ክንድ በረዶ ቀለጠ። አይፈረድባቸውም። ሃምሳ ሁለት ክረምት ከዶሮ ጋር አሳልፈዋል! ገለባውን በላይ በላዩ እየጨመሩ ጉልበት ያደርሱታል። ዶሮዎቹ ጣታቸው ላይ ተኝተው እንዲያሞቁት ቆጡን ከሰፊ ጣውላ ሠርተውላቸዋል። ውሃቸውን በቀን ሦስቴ ለብ አድርገው ይቀይራሉ። ነፋሱም ከቆጡ በላይ አልፎ ይወጣል እንጂ አንዷንም አይነካም። አውራ ዶሮው ኡርሆ አናቱ ላይ ከተተከለው ቀይ ዘውድ በስድስት ክረምት አንዲት ጫፍ በብርድ አልጎደለችበትም። በዚያች መንደር ብርድ ጫፉን ያልቆረጠው፣ እንደሱ ዘውድ የተሟላ ጆሮ ያለው ሰው እንኳ ጥቂት ነው።

ዋረን ግን ለመንደሩ ጽሕፈት ቤት አመለከተ። ሐሙስ ዕለት ወረቀት መጣ፤ ቀዳዳው እስከ ቅዳሜ ካልተደፈነ ዶሮዎቹ ይወሰዳሉ።

"ይወሰዳሉ? ወዴት? ሹራብ አልብሶ ቤተ ክርስቲያን ሊያስቀድሳቸው ነው?" አሉ እማማ ሌምፒ።

ለመድፈኑ አንድ ከረጢት ጨርቅ ይበቃ ነበር። ግን በልጅነታቸው አባታቸው ልክ እንዲህ ደፍነውት አይተዋል። የዶሮዎቹ ትንፋሽ መውጫ አጥቶ ከጣሪያው ውሃ ሆኖ ሲንጠባጠብ፣ የአውራው ዘውድም ጠቁሮ ሲረግፍ አይተዋል። አይደፍኑም።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ እንደ ወጉ፣ ሳውናቸው፣ በእሳት የሚግለው የእንፋሎት መታጠቢያ ቤታቸው፣ ጨሰ። በዚያ አገር ቅዳሜ ሳውና ያነደደ ጎረቤቱን ይጠራል፤ የተጠራም፣ ደመኛ ቢሆን፣ አይቀርም። ዋረን ተጠራ። ታረቅን ብሎ እየተፍለቀለቀ መጣ።

ግማሽ ሰዓት ተቀቅሎ፣ ልብሱን ለባብሶ፣ ፀጉሩና ጆሮው ውሃ እያንጠባጠቡ ሲወጣ፣ እማማ ሌምፒ ጠባቧን የበረዶ መንገድ አካፋ ተደግፈው ዘግተዋታል። ከጎናቸው ቀነ ገደቡ ደርሶ የመጣችው የጽሕፈት ቤቷ ካሪን ወረቀቷን ይዛ ቆማለች።

"ሞቀህ?"

"በጣም! እስቲ ልለፍ..."

"ምን አስቸኮለህ? ተጫወት እንጂ። ከተማ እንዴት ነው? ዘመድ ደህና?"

"ጆሮዬ! ኧረ ጆሮዬ!"

"የኔም ጆሮ እኮ እዚሁ ብርድ ላይ ነው። ምንም አልሆነም።"

"የእርስዎማ ደረቅ ነው! የኔ እኮ እርጥብ..." ብሎ ድንገት ወደ ዶሮ ቤቱ ቀዳዳ ዞረ። ፀጉሩ ሽቦ ሆኖ ቆሟል፤ የጆሮው ጫፍ ነጭ ሆኗል።

"ካሪን ልጄ፣ ጻፊው" አሉ እማማ ሌምፒ፣ መንገዱን እየለቀቁ። "የሚያቆስለው ብርዱ ብቻውን ሳይሆን እርጥበቱ ነው። ከሳሹ ራሱ መሰከረ።"

ካሪን ዶሮ ቤቱ ገብታ ጣሪያውን በመዳፏ ዳሰሰች፤ ደረቅ ነው። ኡርሆ ያልተነካ ዘውዱን ነቅንቆ ጮኸባት። ወጥታ ወረቀቱ ላይ "ክፍት ይቆይ" ብላ ጽፋ ፈረመች።

ዋረን ለእርቅ ብሎ ሁለት ሹራብ በካፖርቱ ኪስ ይዞ መጥቶ ኖሯል። በየጆሮው አንድ አንድ አጠለቀና ወደ ቤቱ ሮጠ።

ካሪን በሳቅ ፈረሰች። እማማ ሌምፒ ግን አልሳቁም።

"ሌላውን ሁሉ ልተውለት" አሉ አካፋቸውን በረዶው ላይ እየሰኩ። "ግን ኪስ? ዶሮ ኪስ ምን ያደርግላታል? ይህንን ብቻ ይንገረኝ!"