ቀዛፊው የማያልፍበት ውሃ

እጆቹ ጀልባው ውስጥ የገባውን ውሃ በተቆረጠ ጀሪካን እየቀዱ ያፈሳሉ። በመናፈሻው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ላይ ጎብኚ የሚያሻግር ሽማግሌ ነው፤ ኮሌታው የነተበ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎታል። እኔም ልሻገር ተሳፈርኩ። መሀል ላይ ስንደርስ ቀጥታውን ትቶ በሰፊው ዞረ።

«ድንጋይ አለ እንዴ፣ ወንድሜ?» አልኩት።

«የለም፣ እትዬ። እናቴ እዚያ ሥር ተቀብራለች። ሰፈራችን ነበር፤ በእናት ራስ ላይ አይቀዘፍም።»

ደንግጬ እግሬን ከጀልባው ወለል አነሳሁ። እሱ መቅዘፉን አላቋረጠም።

«ይህን ሐይቅ የፈጠረው ግድብ ሳይሞላ አጽሟን እንዳወጣ እህቶቼ ልከውኝ ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በቆሎዬን ልሰብስብና እሄዳለሁ ስል ውሃው ቀደመኝ። ለሷ የገዛሁት አካፋ እስከ ዛሬ አፈር አልነካም።»